ዱካክ ምንድን ነው?

የድሬ ወይም የሐረር ልጅ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ለሌሎቻችሁ ግን ልንገራችሁ። ዱካክ ሁሌ የሚቅም ሰው ጫት ሲያጣ ሌሊት የሚመጣበት ቅዠት ነው። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ ያፍነዋል፤ ከገደል ይወረውረዋል። ትልልቆቹ ዱካክን እንደ መንፈስ ነው የሚያዩት። ጫቱን አምጣ የሚለው እሱ ነው ይላሉ።

ከሐራራ ይለያል። ሐራራ የቀን ነው፣ ሳይቃም በፊት ያለው መቁነጥነጥ። ዱካክ የሌሊት ነው።

ነገሩ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው። ካቲኖን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ተለይቶ የታወቀው። የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል። የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ እንደ አምቡላንስ የሚከንፈው ለዚህ ነው። ልማዱ ድንገት ሲቋረጥ ሰውየው ይዝላል፣ ይነጫነጫል፣ ይደብተዋል። ሲተኛ ደግሞ ይቃዣል።

ዱካክ የሚከፋው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። አጎቴ እግሩ ተሰብሮ የቀዶ ጥገና ተራ እየጠበቀ ተኝቶ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። በሁለተኛው ሌሊት እየጮኸ ተነሳና የግሉኮሱን ገመድ ነቀለው። ተረኛዋ መጥታ ደሙን እየጠረገች "ጀዝባ ሁላ!" አለች። ለራሷ ነው ያለችው፤ ክፍሉ በሙሉ ግን ሰማ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ሲጠዘጥዘው እንኳ "ሲስተር" ብሎ መጣራት ተወ። "ሱሱ ነው የሚያስጮኸው ይሉኛል" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አቦ፣ በምሳ ዕቃው ትንሽ ጣል አድርገህ አምጣልኝ።"

እውነቱን ለመናገር ላመጣለት ነበር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን እንደሚጨምር፣ ከማደንዘዣ በፊት ደግሞ ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በማግስቱ ማታ ሌላ ነርስ ገባች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አባባ፣ መጨረሻ የቃምከው መቼ ነው?" (ድሬ አንቱታ ብዙም አናውቅም።) ምሳ በላህ ወይ ብላ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው። "ዱካክ መጣብህ እንዴ?" አጎቴ ሳቀ። ጥቂት ሌሊት ነው፣ ይለቅሃል አለችው። ለእኔ ደግሞ ሲቃዥ ቀስ ብዬ እንድቀሰቅሰው ነገረችኝ።

ያን ሌሊትም ቃዠ። ጠዋት ግን ራሱ ጠራት። እግሩን አሳያት። ለሐኪሙ የደበቀውንም አወጣው፤ የጫቱን ምርቃና ለመስበር በየማታው ጨብሲ እንደሚል፣ ማለትም እንደሚጠጣ። መጠጥ ድንገት ሲቋረጥ እስከ መንፈራገጥ ያደርሳል፤ ከዱካክም የሚያሰጋው እሱ ነው።

"ምን ያህል ትጠጣለህ?" አለችና ካርዱን ከአልጋው ግርጌ አነሳች።