ከፍላሽ ባስነሳነው ሊኑክስ ላይ ያስቀመጥነው ፋይል የት ይገባል?

ኡቡንቱን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኑ በፍላሽ አስነስታችሁ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም። እንዲህ ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ ሲስተም «ላይቭ» ይባላል። ላይቭ ሲባል ፍላሹ ላይ ያለው ሲስተም የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም፤ እናንተ የምትጨምሩት ሁሉ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ነው የሚቆየው፣ ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ሀዋሳ ቁጭ ብላችሁ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አሳይመንት ስትጽፉ መብራት እልም ካለ አለቀ። 64 ጊጋ ፍላሽ መግዛት ብቻውን አያድናችሁም፣ ሻጩ ምንም ቢል። ፍላሹን በሩፈስ (ማስነሻ ፍላሽ የሚያዘጋጅ የዊንዶውስ ፕሮግራም) ስታዘጋጁ «ፐርሲስተንት ፓርቲሽን» የሚለውን፣ ማለትም የምታስቀምጡት ሳይጠፋ የሚቆይበትን የፍላሹን ክፍል መጠን፣ ከዜሮ ከፍ አድርጉት። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ይሠራል፣ ሁሉም ሊኑክስ ላይ ግን አይደለም። ምርጫው ካልመጣላችሁ ፋይሉን ሌላ ፍላሽ ላይ ሴቭ አድርጉ።