ጊዜው ያለፈበት መረጃ በካሽ ውስጥ፦ ለድሬዳዋ ሰርቨሮች

ካሽ ከዳታቤዝ ወይም ከሩቅ ሰርቨር የመጣን መልስ ለአጭር ጊዜ በቅርብ የሚይዝ ማከማቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቅጂ «ቲቲኤል» የሚባል፣ በሰከንድ የተቆረጠ ዕድሜ ይሰጠዋል። ዕድሜው አለቀ ማለት ግን ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ «ራም ሞላ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሁለቱ መካከል ካለው ክፍተት ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሽ ሶፍትዌር ሬዲስ፣ ቅጂ ሲጠየቅ ሰዓቱን ያያል፤ ካለፈበት ሰርዞ «የለም» ይላል። ጠያቂ ያጣውን ደግሞ ከጀርባ ያጸዳል። በመደበኛ ቅንብሩ በሰከንድ 10 ጊዜ ይነሳል፣ ዕድሜ ከተቆረጠላቸው 20 በዕጣ ያወጣል፣ ያለፈባቸውን ያስወግዳል፤ በቀደሙት እትሞች ከ25 በመቶ በላይ ካለፈባቸው ወዲያው ይደግማል። ዕጣ ነውና የሚያመልጥ አይጠፋም። የዋናውን ሰርቨር መረጃ የሚገለብጠው ተከታይ ሰርቨር በራሱ አይሰርዝም፣ የዋናውን ትእዛዝ ይጠብቃል። የራም ጣሪያ ተወስኖ ሲሞላ መደበኛው ምርጫ ምንም አለማስወጣት ስለሆነ አዲስ መረጃ አይገባም፤ ለካሽ ብቻ በተመደበ ሰርቨር ላይ ይህን መቀየር ግድ ነው።

ሌላው የካሽ ሶፍትዌር ሜምካሽድ ከ30 ቀን፣ ማለትም ከ2,592,000 ሰከንድ የበለጠ ዕድሜ ሲሰጠው ቁጥሩን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደተቆጠረ ቀን ይወስደዋል፤ ቅጂውም ገና ሲገባ ያለፈበት ይሆናል።

ባቡር በ1895 ዓ.ም. የደረሰባት ድሬዳዋ ከሰዓት ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ሰርቨሮቿን የሚያስቸግራቸው ግን ይኸው ሰዓት ነው። ድረ ገጽ የሚላክበት የኤችቲቲፒ ደንብ «ኤክስፓየርስ» የሚለው፣ የገጹን ማለቂያ የሚናገር መስመር የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በግሪንዊች 05:00 ነው። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ስለሚቀር ገጹ በየጥያቄው ከዋናው ሰርቨር ይመጣል። መፍትሔው «ማክስ-ኤጅ» የሚባለውን የገጹን ዕድሜ በሰከንድ መጻፍ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ እሱ ይበልጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም የማዘርቦርድ ባትሪው የደከመ ሰርቨር በአሮጌ ቀን ይነሳል። ሬዲስ የማለቂያውን ጊዜ በቁርጥ ቀን ስለሚያስቀምጥ ከዲስክ የጫነው ያለፈበት ቅጂ ትኩስ መስሎ ይመለሳል። ስለዚህ ቅድሚያ ሰዓቱ በኤንቲፒ፣ ማለትም በኔትወርክ ሰዓት በሚያስተካክለው አገልግሎት፣ ይስተካከል፣ ሬዲስ ከዚያ ይነሳ።

የድሬዳዋውን የታይዋን ገበያ የስልክ ዋጋ የሚያሳይ ገጽ በአንድ ጊዜ 5,000 ቅጂ በ600 ሰከንድ ዕድሜ ቢያስገባ ሁሉም አብረው ያልፉና ዳታቤዙ ይጨናነቃል፤ በየቅጂው ከ0 እስከ 60 ሰከንድ በዕጣ መጨመር ይበቃል።

ያለፈበትን ማሳየት ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ መስመር በሚቆረጥበት ቦታ ግን ከባዶ ገጽ ይሻላል። የድረ ገጽ ካሽ የሆነው ቫርኒሽ ያለፈበትን ለማሳየት «ግሬስ» ብሎ የሚፈቅደው ጊዜ በመደበኛ ልኩ 10 ሰከንድ ነው። የባቡር መነሻን ለሚያሳይ ገጽ የ6 ሰዓት ግሬስ ቢሰጡት አይከፋም፣ ለሂሳብ ቀሪ ግን ዜሮ።