160 ወይስ 179 ሚሊዮን?

በጅማ ሐራጅ ሲባል ለብዙ ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው ባንክ በዕዳ ይዞ የሚሸጠው ቤት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ውስጥ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ያጫረተውን የሠዓሊውን የፒካሶን ሥዕል «የአልጀርስ ሴቶች» አንዱ 160 ሚሊዮን፣ ሌላው 179.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲል ግር ቢያሰኝ አያስደንቅም። ሁለቱም ልክ ናቸው። 160ው አጫራቹ ጨረታውን ሲዘጋ መዶሻውን የመታበት ዋጋ ነው፤ ቀሪው 19.4 ሚሊዮን ያህል አጫራች ድርጅቱ በላዩ ላይ ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን ነው። እንደ ስምምነታቸው ከሻጩም ሊቆርጥ ይችላል። የእኛ ደላላ ከሁለት ወገን ሲበላ ስንት ይባልበታል!

ከጨረታው በፊት የሚነገረው ግምት ግን ኮሚሽኑን አይጨምርም። የዚህ ሥዕል ግምት 140 ሚሊዮን አካባቢ ስለነበር፣ ከእሱ ጋር የሚነጻጸረው 160ው ብቻ ነው።