ነፋስ የሚቀርጸውን በረዶ ፎቶ ማንሳት

በነፋስ የተመታ በረዶ ላይ የሚወጡ ቅርጾችን ፎቶ ማንሳት ከተፈጥሮ ፎቶግራፍ ዘርፎች አንዱ ነው። ፎቶ አንሺው ተራራውን፣ ዛፉንና ሰማዩን ከፍሬሙ ያስወጣና የበረዶውን ገጽ ብቻ ያስቀራል፤ ሞገዱን፣ ስለታም ጠርዙን፣ ጥላውን። ሌላው ነገር ሁሉ ሲወጣ መጠንም አብሮ ይጠፋል፦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት እጥፋት ከአውሮፕላን መስኮት የታየች የተራራ ሰንሰለት ትመስላለች። ምስሉን ረቂቅ (አብስትራክት) የሚያደርገው ይህ ነው።

ሥራው ደረቅ ብርድና ነፋስ በሚገናኙበት ሁሉ ይሠራል። አንታርክቲካና ግሪንላንድ፣ የካናዳ ሰሜን፣ የኖርዌይና የስዊድን ከፍተኛ ቦታዎች፣ የጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት፣ የአሜሪካ ሮኪ ተራሮች፣ እንዲሁም በብርዱ ወራት የሚረጉት የሚኒሶታ ሐይቆች ይታወቁበታል። በዴንቨርና በአውሮራ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በካልጋሪ፣ በስቶክሆልም ወይም በኦስሎ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል፤ ማዕበል ያለፈበት ክፍት ሜዳ ይበቃል።

ካሜራና ሌንስ በዚህ ሥራ ሁለተኛ ቦታ ነው ያላቸው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነፋሱ ነው፦ ከየት ነፈሰ፣ ምን ያህል በረታ፣ መቼ ቆመ። በገጹ ላይ ያለው መስመር ሁሉ የነፋሱ ሥራ ስለሆነ፣ ይህን ማንበብ የሚችል ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የት ቆሞ ወዴት እንደሚያነጣጥር ግማሹን ያውቀዋል።

ቅርጹ እንዴት ይወጣል

አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ኩቡ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በካናዳ ሜዳማ ግዛቶች በተደረጉ ልኬቶች ደረቅ በረዶ ከመሬት መነሣት የሚጀምረው ነፋሱ በአማካይ በሰከንድ 7.7 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። እርጥብ በረዶ ደግሞ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ይፈልጋል። የተነሡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ሽቅብ አይበሩም፤ ከገጹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ እያሉ እየዘለሉ ይሄዳሉ፤ ሲወድቁም ሌሎችን ያስነሣሉ። በዚህ መላተም ባለ ስድስት ክንዱ ክሪስታል ይሰባበርና ደቃቅ ፍርፋሪ ይሆናል። ፍርፋሪው አንድ ቦታ ሲያርፍ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በሰዓታት ውስጥም በሜትር ኩብ 300 ወይም 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሰው ሲቆምበት ብዙም የማይሰምጥ ጠንካራ ሰሌዳ ይወጣዋል።

በረዶን ከአሸዋ የሚለየው ይህ መጣበቅ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በሩብ አልኻሊ በረሃ የሚያዩት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የአሸዋ ክምር በበረዶም ላይ ይወጣል፤ ሁለቱ ቀንዶቹ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያመለክታሉ። አሸዋው ግን ልል ሆኖ ይቀራል። በረዶው ይከመራል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ያው የከመረው ነፋስ ተመልሶ ይፈለፍለዋል። ስለዚህ አንድ ሜዳ ላይ ክምርና ፍልፍል ጎን ለጎን ይገኛሉ።

መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ደቃቅ ሞገዶች ናቸው። ነፋሱን በአግድም ይቆርጡታል፤ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ርቀትም ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ቀጥለው የግማሽ ጨረቃ ክምሮች ይመጣሉ። ገጹ ሲጠነክር ደግሞ ለፎቶ አንሺ ከሁሉም የበለጠው ይወጣል፤ በሩስያኛ ስሙ ሳስትሩጊ የሚባለው። ሳስትሩጊ ከነፋሱ ጋር ትይዩ የተጋደሙ ሸንተረሮች ናቸው፤ ሹል አፍንጫቸው ነፋሱ ወደመጣበት የዞረ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ተቦርቡሮ ተንጠልጥሎ ይታያል። በአብዛኛው ከጉልበት በታች ቢሆኑም በአንታርክቲካ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድጉ አሉ፤ ተንሸራታች ጋሪ ጎትቶ ለሚያልፍ ተጓዥ ከባድ ፈተና ናቸው።

ሳስትሩጊን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በጎኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያገኛል። እያንዳንዱ መስመር የተለየ የበረዶ ንብርብር ነው። ነፋሱ ልሉን ንብርብር ቶሎ ይበላዋል፤ ጠንካራው ወጣ ብሎ ይቀራል። ውጤቱ በመልክዓ ምድር ካርታ ላይ ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮች ይመስላል። ከኮሎራዶ አምባ የተነሣ ቀላ ያለ አቧራ በሮኪ ተራሮች፣ የሰሐራ አቧራ ደግሞ በአልፕስ ላይ ስለሚወርድ፣ አንዳንዱ መስመር ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ለእኔ ከነጩ ይልቅ ይህ ዐይን ይይዛል።

ሌላው የሚያስገርም ቅርጽ ከፍ ብሎ የቆመ የእግር ዱካ ነው። ሰው ወይም ቀበሮ ልል በረዶ ላይ ሲረግጥ ከጫማው ወይም ከመዳፉ ሥር ያለው በረዶ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ነፋስ ይመጣና በዙሪያው ያለውን ልል በረዶ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የተጠቀጠቀው ይቀራል። ጎድጎድ ብሎ የነበረው ዱካ ከገጹ በላይ ቆሞ ይገኛል፤ የመዳፉ ጣቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ ግን የነፋስ ሥራ ያልሆኑ ቅርጾችም አሉ። በአንዲስ ተራሮች የሚታዩት፣ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 ያያቸው፣ እንደ ስለት የቆሙ የበረዶ ሹሎች የፀሐይ ሥራ ናቸው። በፀደይ ወራት ተዳፋት ላይ የሚወጡት ጎድጓዳ ቅርጾችም እንዲሁ።

ስለ ቅርጾቹ አወጣጥ ብዙ ከተማርንባቸው ቦታዎች አንዱ ኮሎራዶ ውስጥ ከቦልደር ከተማ በስተምዕራብ ያለው የኒወት ሸንተረር ነው። ከፍታው ወደ 3,500 ሜትር ይጠጋል፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተራራ ምርምር ጣቢያም በአቅራቢያው ይገኛል። ተመራማሪዎች በየተወሰነ ጊዜ ፎቶ የሚያነሡ ካሜራዎችን ተክለው እንዳዩት፣ ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ካለፈ በረዶው ሜዳ ሆኖ የመቀመጥ ዕድሉ ትንሽ ነው። ለፎቶ አንሺ ይህ ቁጥር ጠቃሚ ነው፤ የአየር ትንበያ ከፍቶ አንድ ቦታ መሄድ ይገባው እንደሆነ ይወስንበታል።

በሌላው ጫፍ ሰው በዐይኑ ፈጽሞ የማያየው ቅርጽ አለ። በምሥራቅ አንታርክቲካ አምባ ላይ ቁመታቸው ጥቂት ሜትር ብቻ ሆኖ አንዱ ከሌላው በኪሎ ሜትሮች የሚራራቅ ግዙፍ የበረዶ ሞገዶች ይገኛሉ። ላያቸው የቆመ ሰው ሜዳ ነው ብሎ ያልፋል፤ ከሳተላይት ግን ግልጽ ሆነው ይታያሉ።

ብርሃን

በረዶ ነጭ በነጭ ስለሆነ ቅርጹን የሚያሳየው ጥላ ብቻ ነው። ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ከፍ ስትል 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጠርዝ የሚጥለው ጥላ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። በ10 ዲግሪ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በ5 ዲግሪ ከ11 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቀትር ላይ ምንም ያልነበረበት ሜዳ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ በመስመር ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከወጣች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ስለምትጠጋ እንዲህ ያለው ብርሃን ቶሎ ያልፋል። በስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ እንኳ ከ7 ዲግሪ ብዙም ስለማትበልጥ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል፤ ችግሩ ቀኑ ራሱ አጭር መሆኑ ነው።

የብርሃኑ አቅጣጫ ከከፍታው እኩል ይቆጠራል። መስመሩን በአግድም የሚመታ ብርሃን ያስፈልጋል። በኮሎራዶ የሚበዛው ነፋስ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ደቃቆቹ ሞገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘረጋሉ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በደንብ ታሳያቸዋለች። ሳስትሩጊው ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚጋደም ከደቡብ የሚመጣ ብርሃን ይፈልጋል። ያ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ነው፤ በዚያ ኬክሮስ በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ 26 ዲግሪ ያህል ትወጣለች፣ ለዚህ ሥራ ከፍ ያለች ናት። መላው ወደ ሰሜን ያዘነበለ ተዳፋት መፈለግ ነው። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ቢያዘነብል ያቺው የቀትር ፀሐይ ገጹን የምትነካው በ6 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን የሚያሰሉ ሰዎች ሌላው ካሜራውን አስገብቶ ምሳ በሚበላበት ሰዓት ምርጥ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ካሜራ የብርሃን መጠን ሲለካ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። አዲስ በረዶ ግን ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይመልሳል፤ ካሜራው ብቻውን ከተተወ በረዶው አመድ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን፣ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ባዘጋጁት፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን በአንድ አንድ ስቶፕ በሚከፋፍለው የእርከን ሥርዓት በጎን ብርሃን የሚታይ በረዶ ከመካከለኛው ግራጫ ሁለት እርከን በላይ ይቀመጣል። በዲጂታል ካሜራ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) አይቶ ጠርዞቹ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነው እንዳይጠፉ መጠንቀቅና በራው (RAW)፣ ማለትም ባልተጨመቀና ባልተቀናበረ ፋይል፣ መቅረጽ ይበጃል።

ጥላው ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱ ስሕተት አይደለም። ፀሐይ የማይደርስበትን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ስለሆነ ቀለሙም የሰማዩ ነው። በጥቁርና ነጭ የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ይጠቀሙበታል፦ ቀይ ፊልተር ሰማያዊውን ስለሚያግድ ጥላው ይጠቁራል፣ መስመሩም ይጎላል።

ሜዳ ላይ

የመጀመሪያው ሕግ አለመርገጥ ነው። አንድ ዱካ የሌሊት ሥራ ያበላሻል፤ ስለዚህ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ መሥራት፣ መመለሻውንም በመጡበት ማድረግ ያስፈልጋል። ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ለደቃቁ ሞገድ ደግሞ ትንሹን ነገር ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሣው ማክሮ ሌንስ። ትራይፖድ ይያዝ፤ እግሩ እንዳይሰምጥ ጠንካራው ሰሌዳ ላይ ይተከል።

ባትሪ በብርድ አቅሙ ስለሚወርድ መለዋወጫውን ከሰውነት አጠገብ በውስጥ ኪስ መያዝ ግድ ነው። ወደ ሙቅ ቤት ከመግባት በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ አለመክፈት፤ ያለዚያ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ይጤዛል።

አደጋው ቀላል አይደለም። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው፤ ጣትና አፍንጫ ቶሎ ይጎዳሉ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው። በአንዱ ጎን እነዚያን የሚያማምሩ መስመሮች የጠረበው ነፋስ የጠረገውን በረዶ ከሸንተረሩ ማዶ ያራግፈዋል። እዚያ የሚከማቸው ሰሌዳ የበረዶ ናዳ ከሚያስነሡ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በአፋፉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ክምርም ከላዩ ሲታይ መሬት ይመስላል። ሳስትሩጊ ያየ ሰው ማዶው ተጭኗል ብሎ ያስብ። ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ደግሞ በእግር ለመሄድ ውሃው ራሱ የረጋበት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል፤ ከላይ የወረደው በረዶ አይቆጠርም።

ቀደምቶቹ

እንግሊዛዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ቮን ኮርኒሽ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1901 ባለው የብርድ ወቅት ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሞገዶችን አጥንቷል፤ የእርሱ ፍላጎት ሳይንስ ነበር። ኸርበርት ፖንቲንግ ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከስኮት ጉዞ ጋር፣ ፍራንክ ኸርሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ከአውስትራሊያዊው አሳሽ ከማውሰን ጉዞ ጋር አንታርክቲካ ላይ ፎቶ አንሥተዋል። ማውሰን የሰፈረበት ኬፕ ዴኒሰን በባሕር ወለል ከፍታ ካሉ ቦታዎች እጅግ ነፋሻማ ከሚባሉት ነው። የረቂቁ አመለካከት ግን ከአሸዋ የመጣ ይመስለኛል፦ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ ኦሽያኖ የአሸዋ ክምሮችን ያነሣበት መንገድ፣ ማለትም ጥላና መስመር ብቻ፣ ዛሬ በበረዶ ላይ የሚሠራው ያው ነው።

ከፎቶግራፍ በፊት ግን ቅርጹን ለሕይወታቸው የሚያነቡት የአርክቲክ ኢኑይቶች ነበሩ። በሰሜን ካናዳ በኢግሉሊክ አካባቢ ከሰሜን ምዕራብ በኩል የሚመጣው ብርቱ ነፋስ የምላስ ቅርጽ ያለው ጠንካራ ክምር ይተዋል፤ ስሙ ኡቃሉራይት ይባላል። አቅጣጫው ስለማይለወጥ፣ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ሲጨልም ተጓዡ በእርሱ መንገዱን ያውቃል።

በዚህ ምክንያት ምስሉን በኮምፒውተር ማዞርና መገልበጥን አልደግፍም፤ የነፋሱ አቅጣጫ ይጠፋል። ጥሩ ልማድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ከምስሉ ጋር ቀኑን፣ ቦታውንና በኮምፓስ የለኩትን የሸንተረሩን አቅጣጫ ይጽፋሉ፤ ከረቂቁ ምስል ቀጥለውም ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ሁለተኛ ፎቶ ያነሣሉ። ሻካራ ገጽ የፀሐይን ብርሃን የሚመልስበት መንገድ ከሜዳው ስለሚለይ፣ እንዲህ ያለው ማስታወሻ በረዶ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ይጠቅማል።