የአኒሜ ዓይን ውስጥ ያለው «ሃይላይት» ምንድን ነው?

ሽፋሽፍቱ አምሯል፣ ቀለሙ ተሟልቷል፤ ዓይኑ ግን አሁንም ያፈጣል እንጂ አያይም። አንድ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ስታደርጉበት ነፍስ ይዘራል። ያ ነጠብጣብ ሃይላይት ይባላል። ከዓይኑ ክፍሎች ሁሉ ለመሳል ቀላሉ እሱ ነው። ጀማሪ የሚበላሽበትም እሱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል።

ሃይላይት ጌጥ ሳይሆን ነጸብራቅ ነው። የዓይናችን ፊት ኮርኒያ በሚባል ጥርት ያለ፣ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ሽፋን ተሸፍኗል። ሽፋኑ እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከፊቱ ያለውን ብርሃን አሳንሶ ያሳያል። መስኮት ፊት ለፊት የቆመ ሰው ዓይን ውስጥ ትንሽዬ መስኮት አለች። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ዓይናቸው ውስጥ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ ሪንግ ላይታቸው ነው። (አንዴ ካስተዋላችሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት ያስቸግራል።)

ስለዚህ የሃይላይቱን ቦታ የሚወስነው ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል ከመጣ ሃይላይቱም ከላይ በግራ ይሆናል፤ ያውም በሁለቱም ዓይኖች። በዲጂታል የሚስሉ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። አንዱን ዓይን ይስላሉ፣ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ፍሊፕ አድርገው በሌላኛው በኩል ያስቀምጡታል። ፊት ለፊት ለሚያይ ፊት ይህ ጊዜ ይቆጥባል፤ አልቃወምም። ግን ሃይላይቱም አብሮ ይገለበጣል። በአንዱ ዓይን በግራ፣ በሌላው በቀኝ ይሆንና ገጸ ባሕሪው ሁለት ፀሐይ የወጣበት አገር የቆመ ይመስላል። እይታውም አንድ ቦታ አያርፍም። ተመልካቹ ምን እንደሆነ በስም ባይጠራውም «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሃይላይት የራሱ ሌየር፣ ማለትም እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት በሌላው ላይ የሚነጠፍ ንብርብር፣ ይኑረው። የመሳያ መተግበሪያችሁ አይቢስ ፔይንትም ይሁን ክሪታ ወይም ክሊፕ ስቱዲዮ፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ከታች የዓይኑ ነጭ ይሆናል። በላዩ አይሪሱ፣ ማለትም ባለቀለሙ ክብ፣ በክሊፒንግ ይታሰራል፤ ቀለሙ ከነጩ እንዳይወጣ። ቀጥሎ ብሌኑ፣ ከዚያ ጥላው፣ ከዚያ ሽፋሽፍቱ ይመጣል። ሃይላይቱ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ኮፒና ፍሊፕ ስታደርጉ የሃይላይቱን ሌየር አትንኩት። ለሁለተኛው ዓይን በእጅ ጨምሩለት፤ የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው። በተፈጥሮ ሽፋሽፍት ከኮርኒያ ፊት ስለሆነ ሃይላይቱን መሸፈን ነበረበት። የአኒሜ ሠዓሊዎች ግን ለዚህ ብዙም ደንታ የላቸውም፣ ከፈለጉ በመስመሩ ላይ ያሳልፉታል።

ኮርኒያው ከአይሪሱም ከብሌኑም ፊት ነው። ስለዚህ ሃይላይቱ የሁለቱን ድንበር ቢሻገር ጥሩ ነው። እንዲያውም ግማሹ ብሌን ላይ፣ ግማሹ አይሪስ ላይ ሲያርፍ ዓይኑ ክብ ይመስላል። ጠርዙ ደግሞ ስለት ይኑረው። ጠርዙን የሚያደበዝዘውን ብሩሽ፣ ኤርብራሽን፣ አትጠቀሙ። እርጥብ ነገር ላይ የሚያርፍ ብርሃን ጥርት ያለ ነው፤ ካደበዘዛችሁት ዓይኑ ሞራ የያዘው ይመስላል።

ብዙ ጊዜ ከሃይላይት ጋር የሚደባለቅ ሌላ ነገር አለ። የአኒሜ አይሪስ ከላይ ጠቆር፣ ከታች ፈካ ይላል። «እንዲህ ሳሉት» ይባላል እንጂ ምክንያቱ ብዙም አይነገርም። ከላይ የጠቆረው የዓይን ቆቡና ሽፋሽፍቱ ጥላ ስለሚጥሉበት ነው። ለእሱ መልቲፕላይ የሚባለው የሌየር ዓይነት ይስማማል፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ያጠቁራል እንጂ በጭራሽ አያፈካም። ከታች የፈካው ደግሞ ብርሃኑ በኮርኒያ ገብቶ፣ ታጥፎ፣ በተቃራኒው የአይሪስ ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ ሃይላይቱ ከላይ በግራ ከሆነ የሚፈካው ከታች በቀኝ ነው። ይሄኛው ነጭ አይሁን። ቡናማ ዓይን ከሆነ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ ከሆነ ውሃ ሰማያዊ ይሁን። አድ የሚባለው፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያፈካው የሌየር ዓይነት የሚያምረው እዚህ ነው። ለዋናው ሃይላይት ግን አድ አያስፈልግም፤ ነጭ በኖርማል ሌየር ላይ በቂ ነው። ነጭ ላይ ብርሃን ቢጨመር ያው ነጭ ነው።

አኒሜ ለምን በዚህች ነጥብ ላይ ይህን ያህል ተደገፈ? እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደው የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ከዲዝኒ ካርቱኖች የወሰደውን ትልቅ ዓይን ጃፓን ውስጥ አስፋፋ። ዓይን ሲተልቅ ባዶ ቦታውም ይሰፋል፤ አንድ ነገር ሊሞላው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የልጃገረዶች ማንጋ ውስጥ ዓይኖች በኮከብ እስኪጨናነቁ ድረስ ተሄደበት። አኒሜ ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስባቸው ትዕይንቶች ብዙ ናቸው። ስሜቱን መሸከም የዓይን ድርሻ ሆነ።

ለዚህ ነው ሃይላይት የትረካ መሣሪያም የሆነው። ሊያለቅስ የደረሰ ገጸ ባሕሪ ነጠብጣቦቹ ይበዛሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም። ተስፋ የቆረጠ ወይም አእምሮው በሌላ ኃይል የተያዘ ገጸ ባሕሪ ደግሞ ሃይላይቱ ጭራሽ ይጠፋል። ሌላው ፊት ምንም አልተለወጠም፤ ሰውየው ግን የለም። ሃይላይቱ በራሱ ሌየር ላይ ከሆነ ይህንን ለመሞከር ሌየሩን መደበቅ ብቻ ነው።

ስንት ይሁን? ለተለመደ ፊት አንድ ትልቅ፣ ከሱ ትይዩ ታች አንድ ትንሽ ይበቃል። ከዚያ በላይ የምትጨምሩ ከሆነ ገጸ ባሕሪው በእርግጥ ፍቅር ይዞት እንደሆነ አጣሩ።