ሳን ካርሊኖ፦ በጠባብ ቦታ ላይ የቆመ የባሮክ ቤተ ክርስቲያን

ሮም ውስጥ፣ ኩዊሪናሌ ኮረብታ ላይ፣ ሁለት መንገዶች የሚቋረጡበት አንድ ጠባብ መስቀለኛ መንገድ አለ። በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ፏፏቴ አለ። ከአራቱ አንዱን ጥጉ ላይ የያዘው ሳን ካርሎ አሌ ኳትሮ ፎንታኔ የተባለው የባሮክ (በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የተስፋፋ የሥነ ሕንፃ ስልት) ቤተ ክርስቲያን ነው። ሮማውያን ትንሽነቱን አይተው ሳን ካርሊኖ ይሉታል። የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ጉልላት ከተሸከሙት አራት ግዙፍ ምሰሶዎች በአንዱ ውስጥ ይገባል ይባላል።

አሠሪዎቹ ከስፔን የመጡ የሥላሴ ማኅበር መነኮሳት ነበሩ። የማኅበሩ ዋና ሥራ የተማረኩ ክርስቲያኖችን ቤዛ ከፍሎ ማስለቀቅ ነው። እንግዲህ ለእብነ በረድ የሚተርፍ ገንዘብ ከየት ይምጣ? በ1634 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራውን ለአርክቴክቱ ለፍራንቼስኮ ቦሮሚኒ ሰጡ። ቦሮሚኒ እስከዚያ ድረስ በሌሎች ሥር የሠራ ባለሙያ ነበር። በራሱ ስም የያዘው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። መጀመሪያ የመነኮሳቱን መኖሪያና ውስጠኛውን ግቢ ሠራ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1638 ተጀምሮ በ1641 አለቀ፤ በ1646 ተባረከ። የተሰየመው በ1610 ቅድስናው ለታወጀው የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ ለካርሎ ቦሮሜኦ ነው።

ቦታው ጠባብ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም የተዛባ ነው። ቦሮሚኒ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችን ጎን ለጎን ገጥሞ ከዚያ ላይ ሞላላ ቅርጽ አወጣ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ 16 ዓምዶች አብረውት ይዞራሉ። ቆሞ ለሚያይ ሰው ክፍሉ የሚተነፍስ ይመስላል።

ቀና ሲሉ ደግሞ ጉልላቱ አለ። እኔ ብጠየቅ የዚህ ቤት ጉድ እሱ ነው እላለሁ። ሞላላው ጉልላት በመስቀል፣ በስድስት ጎንና በስምንት ጎን ቅርጾች ተሸፍኗል። ቅርጾቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ያንሳሉ። ዓይን በዚህ ይታለልና ጉልላቱ ከእውነተኛ ቁመቱ በላይ የራቀ ይመስለዋል። ከታች ያሉት መስኮቶች ከቅጠል ቅርጽ ጌጥ በስተጀርባ በከፊል ተደብቀዋል። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ቶሎ አይታወቅም። ጫፍ ላይ፣ በሦስት ማዕዘን መካከል፣ የመንፈስ ቅዱስ ርግብ አለች። ለሥላሴ ማኅበር ቤት ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም። ቀለሙ በአብዛኛው ነጭ ነው፤ ወርቅ የለም ማለት ይቻላል።

በዚያው ጎዳና ጥቂት እንደተሄደ የቦሮሚኒ ተቀናቃኝ የነበረው የአርክቴክቱ የበርኒኒ ሥራ፣ የሳንት አንድሬያ ቤተ ክርስቲያን አለ። እሱም ሞላላ ነው፤ ግን በባለቀለም እብነ በረድና በወርቅ ያሸበረቀ ነው። የቀድሞ ካርዲናል ከፍሎበታላ! ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ባሮክ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ውስጠኛውን ግቢ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፤ ያሳዝናል። ማዕዘኖቹ ስለት የላቸውም፤ ወደ ግቢው ጎበጥ ብለው ወጥተዋል። የላይኛው ፎቅ መከለያ ትንንሽ ምሰሶዎችም አንዱ ሆዱ ወደ ታች፣ ቀጣዩ ወደ ላይ እየሆነ ይፈራረቃሉ።

የፊት ገጹ የዘገየው በገንዘብ እጥረት ነው። በ1665 ተጀመረ። ቦሮሚኒ ግን በ1667 ራሱን በሰይፍ ወግቶ ሞተ። ላይኛውን ክፍል የወንድሙ ልጅ ቤርናርዶ አስጨረሰው። የታችኛው እርከን በመካከሉ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ የላይኛው ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከዋናው በር በላይ ባለው፣ አንቶኒዮ ራጂ በቀረጸው የቅዱስ ካርሎ ሐውልት ላይ ሁለት መላእክት ክንፋቸውን ገጥመው ጥላ ሆነዋል።

ሕንፃው ገና በአዲስነቱ የውጭ አገር ሰዎች ፕላኑን ስጡን እያሉ መነኮሳቱን ያስቸግሩ ነበር። በኋላ በጣሊያኗ ከተማ ቱሪን የሠራው አርክቴክት ጓሪኖ ጓሪኒ ብዙ ተምሮበታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጥንቱን ሥርዓት የሚወዱ ሐያሲዎች ግን ቦሮሚኒን እንደ እብድ ቆጥረው አብጠለጠሉት። ስሙ በደንብ የታደሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።