የድሮ የእንጨት ቤት ማደስና ማስፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«እንጨት ሲያረጅ ይበሰብሳል።»
የሚያበሰብሰው እርጥበት እንጂ ዕድሜ አይደለም። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አብስባሽ ፈንገስ አያድግም። ስለዚህ ከአናጢው በፊት አካፋ ይቀድማል፦ ግድግዳ ሥር የተከመረ አፈር ይጠረጋል፣ ከመሬት እስከ ታችኛው አግዳሚ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዋል፣ የሚያንጠባጥብ አሸንዳ ይጠገናል።

«የበሰበሰ ምሰሶ ሙሉውን ይቀየራል።»
ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው እግሩ ብቻ ነው። በወስፌ እየወጉ ጤነኛው እንጨት የሚጀምርበትን ይለዩና በሰያፍ ይቁረጡ፤ የሰያፉ ርዝመት ከምሰሶው ውፍረት ሦስት እጥፍ ባያንስ ይመረጣል። ቅጣዩ ከዚያው የእንጨት ዓይነት፣ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ጭረቱም ከአሮጌው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ። ከዚያ በቡሎን ይታሰራል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈን ግን ጥገና አይባልም። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ዙሪያውን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃም መውጫ ያጣል።

«ቀዳዳ ከታየ ቅንቅን አለ።»
ቀዳዳው የጥንት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ወረቀት ያንጥፉ፤ በሞቃቱ ወራት ትኩስ ዱቄት ካልወረደ መርዙ ይቆይ።

«የሰመጠ ወለል በክሪክ በአንድ ቀን ይቃናል።»
በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከፈጠነ መጋጠሚያ ይፈለቀቃል፣ ልስን ይረግፋል፣ መስታወት ይሰበራል። ለዓመታት በሸክም የጎበጠ ወራጅ ቅርጹን ይዟልና መስመጡን አስቁሞ ጉብጠቱን መተው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

«ግድግዳውን በፎም ጠቅጥቆ በፕላስቲክ ቀለም መድፈን ያሞቃል።»
20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር 9 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ ይቋጥራል። ያ ውሃ ግድግዳው ውስጥ ተቋጥሮ መድረቂያ ካጣ ጠርቡን ከውስጥ ይበላዋል። በእንጨት ቃጫ ወይም በሱፍ ይሙሉ፣ ውጪውን በተልባ ዘይት ቀለም ይቀቡ። ከዚያም በፊት የጣሪያው ውስጥና የመስኮቶቹ ዳር ይደፈኑ፤ ነፋሱ በብዛት የሚገባው በነዚህ ነው።

«አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጋር ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል።»
አሮጌው መሠረት ተቀምጦ ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ይሰምጣል። በተነባበረ ግንድ ከተሠራ ደግሞ ሲደርቅ በአንድ ሜትር ቁመት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የራሱ መሠረት ይኑረው፤ ማያያዣው ቡሎን ወደ ላይና ወደ ታች በረዘመ ቀዳዳ ይግባ፣ ከበርና ከመስኮት በላይም የመውረጃ ክፍተት ይተው። ጣሪያው ከአሮጌው ጣሪያ ጠርዝ ሥር ቢገባ ነባሩን እንጨት መቁረጥ አያስፈልግም፤ ተዳፋቱ ግን ወደ አሮጌው ግድግዳ እንዳይሆን።